የጎጃም መብራት ከየት ይመጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መብራት ድንገት ሲጠፋ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አንድ ነው። በር ከፍቶ ይወጣና የጎረቤትን መስኮት ያያል። «የኛ ብቻ ነው ወይስ የሁሉም?» የሁሉም ከሆነ ትንሽ ይረጋጋል። ከዚያ በደጃፉ ላይ ወሬ ይጀመራል። አንዱ ጣና በለስ ተበላሽቶ ነው ይላል። ሌላው ለሱዳን ሸጠውት ነው ይላል። ሦስተኛው ሕዳሴ ግድብ ካለቀ በኋላ እንዴት እንደዚህ ይሆናል ብሎ ይናደዳል።

እኔ ፍኖተ ሰላም ነው ያደግሁት። ይህን ወሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ዘመድ ወዳጅ እየደወለ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ስለበዛ፣ መልሱን አንድ ቦታ ጽፌ ላስቀምጠው አልኩ። ንዴቱ እኔም አለብኝ። ግን ንዴቱ ትክክለኛውን ቦታ ካልያዘ መፍትሔውም ቦታውን አይዝም።

እኛ ቤት የሚበራው ከየትኛው ጣቢያ በመጣ ኃይል ነው?

ከአንዱ ብቻ አይደለም። በአገሪቱ ያሉት ዋና ዋና ማመንጫ ጣቢያዎች ሁሉ በአንድ መረብ ተያይዘዋል። ጣና በለስም፣ ግልገል ጊቤም፣ ተከዜም፣ ሕዳሴም የሚያመነጩትን ወደዚያ መረብ ይጨምራሉ። ለማኅበር ከየቤቱ የመጣ ጠላ አንድ ጋን ውስጥ ከተገለበጠ በኋላ «እኔ የጠጣሁት የማንን ነው?» ማለት አይቻልም። መብራቱም እንደዚያው ነው።

ነገር ግን ቅርበት ምንም ለውጥ አያመጣም ማለትም አይደለም። ከጣና በለስ የሚነሳው 400 ኪሎ ቮልት መስመር ባሕር ዳር ይደርሳል፣ ከዚያ በደብረ ማርቆስ አድርጎ አባይን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ይወርዳል። ስለዚህ ጎጃም በዚህ ትልቅ መንገድ መሀል ተቀምጧል። ከአባይ ማዶ ያለው ፊንጫም ለጎጃም ሩቅ አይደለም። እሱ እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ ሲጀምር 100 ሜጋ ዋት ነበር፣ በኋላ አንድ ተርባይን ተጨምሮለት 134 ደርሷል።

«መብራት ኃይል» የምንለው አንድ ድርጅት ነው?

አሁን ሁለት ነው። ይህን መለየት ከምታስቡት በላይ ይጠቅማል።

ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1956 ከተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ነው። ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀይሯል፣ ሕዝቡ ግን መብራት ኃይል ማለቱን አልተወም። በ2006 ዓ.ም. ድርጅቱ ለሁለት ተከፈለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚባለው ግድቦቹን፣ የነፋስ ጣቢያዎቹን፣ ትልልቆቹን ተሸካሚ መስመሮችና ማከፋፈያ ጣቢያዎች ይይዛል። ለጎረቤት አገር የሚሸጠውም እሱ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የሚባለው ደግሞ ከማከፋፈያ ጣቢያው ወዲህ ያለውን ሁሉ ይዟል። የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶው፣ ሽቦው፣ ቆጣሪው፣ ሂሳቡ የእሱ ነው።

እንግዲህ የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር ሲቃጠል «ግድቡ ምን ሆነ?» ማለት፣ የቤት ቧንቧ ሲፈነዳ ጣና ደረቀ ወይ እንደ ማለት ነው።

ጢስ አባይ ዛሬም ይሠራል?

ሁለቱም ጣቢያዎች አሉ። ሸክማቸው ግን ቀንሷል።

የመጀመሪያው ጢስ አባይ እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረ ነው። አቅሙ 11 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። ዛሬ ትንሽ ይመስላል፣ በዚያን ጊዜ ግን የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራው በእሱ ነበር። ከተማዋ ያደገችው በዚያ ፋብሪካ ፉጨት ነው ብል ብዙ የባሕር ዳር ሽማግሌ ይስማማኛል። ሁለተኛው ጢስ አባይ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጨመረ፣ ወደ 73 ሜጋ ዋት። ሁለቱም የፏፏቴውን ከፍታ ነው የሚጠቀሙት። ውሃው ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ በቦይ ይሄድና ከታች ተርባይኑን አዙሮ ወደ አባይ ይመለሳል።

በኋላ ጣና በለስ ሲመጣ ውሃው ወደዚያ መላኩ የበለጠ ኃይል የሚሰጥ ሆነ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በጢስ አባይ በኩል ውሃው የሚወድቀው አርባና ሃምሳ ሜትር አካባቢ ነው። በበለስ በኩል 311 ሜትር ይወድቃል። ያው አንድ ባልዲ ውሃ ስድስት እጥፍ ያህል ሥራ ይሠራል።

ፏፏቴውን ያደረቀው ጣና በለስ ነው ይባላል። እውነት ነው?

እውነትነት አለው፣ ግን እሱ ብቻ አይደለም። አባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ ላይ ጨረጨራ የሚባል የውሃ መቆጣጠሪያ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ በሰው እጅ ነው የሚመጠነው። ሁለተኛው ጢስ አባይ ሲመጣ ከፏፏቴው ላይ የሚጠለፈው ጨመረ። ጣና በለስ ግንቦት 2002 ዓ.ም. ሲመረቅ ደግሞ ውሃው በሌላ በር መውጣት ጀመረ። በሐይቁ ምዕራብ ዳር፣ በቁንዝላ አካባቢ፣ ከመሬት በታች 12 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ተቆፍሮ ውሃው ወደ በለስ ሸለቆ ይሄዳል።

ልጅ ሆኜ ጢስ እሳትን ሳይ ጭሱ መንገዱ ላይ ሳለን ልብሳችንን ያርሰው ነበር። በኋላ በበጋ ስሄድ ጥቁሩ ድንጋይ ወጥቶ፣ ውሃው በአንድ በኩል ብቻ ቀጭን ሆኖ ሲወርድ አየሁ። አብረውኝ የነበሩት እንግዶች «ይኼ ነው?» አሉ። ምን ብዬ እንደምመልስ አጣሁ። በክረምት፣ በተለይ በነሐሴና በመስከረም፣ ውሃው ሲበዛ ዛሬም ያስደነግጣል። ለመጎብኘት ያሰበ ያኔ ይምጣ። እኔ ኃይሉ ያስፈልገናል ባይ ነኝ። ነገር ግን በጢስ አባይ ከተማ ቱሪስት እያስጎበኘ፣ ሻይ እየሸጠ፣ በታንኳ እያሻገረ የሚኖረው ሰው ከዚያ ኃይል ተካፋይ መሆን ነበረበት። ይህ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የፍትሕ ጉዳይ ነው።

460 ሜጋ ዋት፣ 5,150 ሜጋ ዋት ሲባል ምን ማለት ነው?

በምጣድ እንቁጠረው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲግል ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። አንድ ሜጋ ዋት 1,000 ኪሎ ዋት ነው። ስለዚህ አንድ ሜጋ ዋት ማለት በአንድ ጊዜ የሚጋግሩ 280 ገደማ ምጣዶች ማለት ነው። 460 ሜጋ ዋት የሚችለው ጣና በለስ አራቱም ተርባይኖች በሙሉ አቅም ሲዞሩ ወደ 130,000 ምጣድ በአንድ ጊዜ ያግላል።

ቁልፉ ቃል «በሙሉ አቅም» የሚለው ነው። ይህ ቁጥር ጣቢያው የሚችለው ጣሪያ ነው፣ በየሰዓቱ የሚሰጠው አይደለም። ሕዳሴን ውሰዱ። በ13 ተርባይኖቹ 5,150 ሜጋ ዋት ይችላል። በዓመት ያመነጫል ተብሎ የተሰላው ግን ወደ 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው (አንድ ጊጋ ዋት 1,000 ሜጋ ዋት ነው)። ይህን ለዓመቱ ሰዓት ብታካፍሉት በአማካይ 1,800 ሜጋ ዋት አካባቢ ይሆናል። ይህ ጉድለት አይደለም፣ የውሃ ግድብ ባሕርይ ነው። ማታ ሁሉም እራት ሲያበስል ተርባይኖቹ ይበዛሉ፣ ሌሊት ይቀንሳሉ፣ ውሃው ለነገ ይቆያል።

ሕዳሴ ተመርቋል። ታዲያ ለምን አሁንም መብራት ይጠፋል?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ግድቡ መሠረቱ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ተርባይን የካቲት 2014 ዓ.ም. ኃይል ሰጠ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ቦንድ ያልገዛ ቤት ጥቂት ነው። አስተማሪው ከደመወዙ፣ ገበሬው ከጤፉ፣ ተማሪው ከኪሱ አዋጥቷል። ስለዚህ «የኔ ገንዘብ አለበት፣ መብራቴ የት አለ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

መልሱ ግን ግድቡ ላይ የለም። ኃይል ከተርባይን እስከ ምጣድ ድረስ ብዙ ደጅ ያልፋል። መጀመሪያ ቮልቴጁ ወደ 400 ወይም 500 ኪሎ ቮልት ከፍ ይደረጋል፣ ሩቅ ሲሄድ እንዳይባክን። ከዚያ ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ ወደ 230፣ ወደ 132፣ ወደ 66 ይወርዳል። ቀጥሎ በ33 ወይም በ15 ኪሎ ቮልት በእንጨት ምሰሶ ላይ ወደየከተማውና ወደየቀበሌው ይሄዳል። በመጨረሻ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት አውርዶ ቤት ያስገባዋል። የሚበላሸው በአብዛኛው የመጨረሻው ክፍል ነው፤ 15ና 33 ኪሎ ቮልቱ፣ ምሰሶው፣ ትራንስፎርመሩ።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። አክስቴ ከቡሬ ወዲህ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ወፍጮ ቤት አላት። የወፍጮ ሞተር ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኃይል የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች፣ ይፈልጋል። ነሐሴ ላይ ነፋስ ያዘለ ዝናብ ጣለና አንድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦው ላይ ወደቀ። አንዱ ፌዝ ጠፋ፣ ሁለቱ ቀሩ። አምፖሉ ይበራል፣ ስለዚህ ማንም መብራት ጠፋ አላለም። ወፍጮውን ስታስነሳው ግን አልዞረም። ያጉረመርማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አይዞርም። ልጁ «ደግመሽ ሞክሪ» አላት። ደግማ ሞከረች። ጠረኑ መጣ፣ ያ የተቃጠለ ቫርኒሽ ጠረን። ሞተሩ አለቀ። ዳጉሳና በቆሎ ጭነው የመጡ ሴቶች አህያቸውን አዙረው ሄዱ።

የዚያን ቀን ጣና በለስ እየሠራ ነበር። የሕዳሴም ተርባይን እየዞረ ነበር። አክስቴን የጎዳት አንድ ቅርንጫፍ ነው። ከሽቦው ሥር ያለውን ባሕር ዛፍ በወቅቱ የሚቆርጥ ሰው ቢኖር፣ ወፍጮው ላይ ፌዝ ሲጎድል ራሱ የሚያጠፋ መከላከያ ቢገጠም ሞተሩ ይተርፍ ነበር። ይህ ሜጋ ዋት አይጠይቅም።

ሌላው የትራንስፎርመር ጉዳይ ነው። አንድ ባለ 100 ኪሎ ቮልት አምፒር ትራንስፎርመር በአንድ ጊዜ ከ28 ምጣድ ብዙም አይበልጥም። ሲተከል ሰፈሩ 40 ቤት ነበር እንበል፣ አሁን 150 ቤት ሆነ። በአዘቦት ቀን ይችለዋል። የፋሲካ ዋዜማ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ ፊውዙ ይበጠሳል። ባስ ሲልም ዘይቱ ይፈላና ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። መብራት የሚጠፋው ሁልጊዜ በዓል ላይ ነው የምንለው ለዚህ ነው። ሰው አስቦበት አይደለም፣ ሁላችንም በአንድ ሰዓት ስለምንጋግር ነው።

በዚህ ላይ የጸጥታው ችግር አለ። መንገድ ሲዘጋ ጠጋኝ ቡድን አይወጣም፣ ሽቦና ዘይት የጫነ መኪና አይደርስም። አንድ ቀን የሚፈጅ ጥገና ሳምንታት ይወስዳል። በመስመር ጥገና የተሰማራ ሰው በየትኛውም ወገን ዘንድ እንደ ሐኪም መታየት አለበት።

ትልቁ መስመር በእርሻችን ላይ ያልፋል፣ እኛ ግን ኩራዝ ነው የምናበራው። ለምን ከዚያ አይቀጥሉልንም?

«የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ጥያቄው ልብ የሚነካ ነው፣ መልሱም የማያስደስት ነው።

400 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ በቀጥታ ቤት አይቀጠልም። ማውረጃ ማከፋፈያ ጣቢያ ያስፈልጋል፣ እሱም ውድ ስለሆነ ለአንድ ቀበሌ አይሠራም። መብራት ወደ ገጠር የሚመጣው ከታች በኩል ነው፤ ከቅርቡ ከተማ 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልት መስመር ተዘርግቶ። ስለዚህ ከብረት ምሰሶው አጠገብ ያለ መንደር፣ ከከተማ ከራቀ፣ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና ከመብራት ጋር ያልተገናኘው ኃይል ስላልመነጨ ብቻ አይደለም። ይህ የመጨረሻው ዝርጋታ ስለዘገየ ነው።

ለእንዲህ ያሉ መንደሮች ሶላር አይናቅም። አምፖል፣ ሬዲዮና ስልክ ይችላል። ምጣድና ወፍጮ ግን በትንሽ ሶላር አይሆንም። አዊ ላይ ፋግታ ለኮማ ብትሄዱ ገበሬው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስላል፣ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ይጫናል። የአባይ አገር ለከተማ ከሰል ሲልክ ማየት ያስተክዛል፣ ለገበሬው ግን ጥሩ ገቢ ሆኖለታል።

እኛ ሳይዳረሰን ለውጭ አገር ለምን ይሸጣል?

የሚሸጠው ለጎረቤት አገሮች ነው። ለጅቡቲ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በድሬዳዋ በኩል፣ ለሱዳን በጎንደርና በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ፣ ለኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ። የኬንያው መስመር ከወላይታ ሶዶ ሱስዋ ድረስ 1,045 ኪሎ ሜትር ነው፣ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል። የመጀመሪያው ውል ግን በ200 ሜጋ ዋት ነው የተጀመረው።

ለምን የሚለውን ካየን፣ አንደኛ፣ የመብራት ኃይል እንደ እህል ጎተራ አይገባም። በተመረተበት ቅጽበት ማለቅ አለበት። በክረምት ግድቡ ሞልቶ ውሃው በላዩ ሲፈስ ያ ውሃ ተርባይን ሳያዞር መሄዱ ኪሳራ ነው። ሁለተኛ፣ ለኬንያ የሚሄደውን ብናቆም የአክስቴ መንደር ትራንስፎርመር አይሰፋም። ችግሩ የመስመር እንጂ የኃይል አይደለምና። ሦስተኛ፣ ትራንስፎርመርም፣ ሽቦም፣ ቆጣሪም በአብዛኛው በዶላር ነው የሚገዛው። ሽያጩ ዶላር ያመጣል።

የኔ አስተያየት ይኸው ነው። መሸጡ ልክ ነው። ግን ገቢው ወዴት እንደሚሄድ ሕዝቡ በዓይኑ ማየት አለበት። ከሽያጩ ይህን ያህል ትራንስፎርመር ተገዛ፣ ይህን ያህል ቀበሌ ገባ ተብሎ በየዞኑ ቢነገር፣ «ሸጡት» የሚለው ወሬ ግማሹ ይቆም ነበር።

የኛ ድርጅት በሌላ አገር ጣቢያ አለው? በብዙ አገር ጣቢያ ያለው ድርጅትስ አለ?

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጨው አገር ውስጥ ነው። ድንበር የሚሻገረው ሽቦው ነው።

በብዙ አገር ጣቢያ ያላቸው ግን ብዙ ናቸው። ለምሳሌ የጣሊያኑ ኤኔል። በአገሩ በአልፕስ ተራሮች የውሃ ጣቢያዎች አሉት። በቶስካና ላርዴሬሎ በምትባል ቦታ ደግሞ ከመሬት በሚወጣ እንፋሎት ያመነጫል። እ.ኤ.አ. በ1904 በምድር እንፋሎት አምስት አምፖሎች የበሩት እዚያ ነው። በስፔን ባለው ድርጅቱ በኩል የኑክሌር ጣቢያዎች ባለድርሻ ነው። በብራዚል ነፋስ አለው። በቺሊ፣ ከባሕር ጠለል 4,500 ሜትር ላይ፣ ከዚያው አገር ድርጅት ጋር የሠራው የእንፋሎት ጣቢያ አለ። ከኛ ጮቄ ተራራ ጫፍ በ400 ሜትር ገደማ ይበልጣል።

እንዲህ ማብዛቱ ለምን ይጠቅማል? አንድ ዓይነት ምንጭ ብቻ ያለው ሰው አንድ እርሻ ብቻ እንደዘራ ገበሬ ነው። ዝናብ ሲቀር ሁሉም ይቀርበታል። ውሃ ሲያንስ ነፋስ ይነፍስ ይሆናል፣ ነፋስ ሲቆም እንፋሎቱ አይቆምም። በምድር ሰሜናዊ ክፍል ክረምት ሲሆን በደቡቡ በጋ ነው።

ለኛ አካባቢ ሌላ ዘዴ አለ። አንድ ድርጅት ሁሉንም ከመያዝ ይልቅ የየአገሩ ድርጅቶች ተያይዘው ይገበያያሉ። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2005 የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት የተቋቋመው፣ ጽሕፈት ቤቱም አዲስ አበባ ነው። ኬንያ በኦልካሪያ የምድር እንፋሎት በጣም በርትታለች። የእሷ ኃይል አመንጪ ድርጅት ኬንጄን ኢትዮጵያ መጥቶ በአሉቶ ጉድጓድ ቆፍሯል። እኛ ውሃ እንሰጣለን፣ እነሱ የእንፋሎት ቁፋሮ እጅ አላቸው። ጥሩ ጉርብትና ይሉሃል ይኼ ነው።

ከውሃ ሌላ ምን አለን?

ጥቂት። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ኃይላችን ከውሃ ነው። አዳማ ላይ ሁለት የነፋስ ጣቢያ አለ፣ 51 እና 153 ሜጋ ዋት። መቀሌ አጠገብ አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት ነው። በሶማሌ ክልል አይሻ አለ። አሉቶ ላንጋኖ ከምድር እንፋሎት ለማመንጨት 7 ሜጋ ዋት ገደማ ተተክሎበታል። አዲስ አበባ ረጲ ላይ ከቆሻሻ የሚያመነጭ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2018 ተመርቋል።

ነፋሳችን የሚበረታው በበጋ ነው፣ ውሃችን ደግሞ በክረምት ነው የሚሞላው። ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት ይስማማሉ። ስለዚህ የነፋስ ጣቢያ ማብዛት አለብን የሚሉት ባለሙያዎች ትክክል ናቸው።

ከጎጃም የወጣ ውሃ ስንት ጣቢያ ያዞራል?

ይህን የጠየቀኝ የወንድሜ ልጅ ነው፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። ጥያቄው ደስ ስላለኝ አብረን ካርታ ዘርግተን ቆጠርን።

ከሰከላ፣ ከግሽ አባይ ምንጭ እንነሳ። ግልገል አባይ ሆኖ ጣና ይገባል። ከጣና ወይ በጨረጨራ ወጥቶ ጢስ አባይን ያዞራል፣ ወይ በዋሻው ሄዶ ጣና በለስን ያዞራል። በሁለቱም በኩል የሄደው ዞሮ ዞሮ አባይ ውስጥ ይገናኛል። በመንገዱ ላይ ከጮቄና ከአካባቢው ተራሮች የሚወርዱት ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋ፣ ተምጫ፣ ብርና ፈጣም ይጨመራሉ። ጉባ ሲደርስ ሕዳሴ ላይ 13 ተርባይን ይጠብቀዋል። ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ውስጥ ሮዜሬስ፣ 280 ሜጋ ዋት። ከዚያ ሰናር፣ በጣም ትንሽ፣ ግድቡ ግን እ.ኤ.አ. በ1925 የተሠራ ሽማግሌ ነው። ካርቱም ላይ ከነጭ አባይ ጋር ይቀላቀላል። ቀጥሎ መረዌ፣ 1,250 ሜጋ ዋት። በመጨረሻ ግብፅ ውስጥ አስዋን ከፍተኛው ግድብ፣ 12 ተርባይን፣ 2,100 ሜጋ ዋት።

ልጁ በጣቱ እየቆጠረ ስድስት አለ። ትንንሾቹ ሲጨመሩ ከዚያ ይበልጣል። «አንድ ውሃ ሦስት አገር ሠራተኛ ሆኖ ይዞራል?» አለኝ። አዎ። ውሃ ተርባይን አዙሮ አያልቅም። ወድቆ፣ ሥራውን ሠርቶ፣ ወደ ታችኛው ይሄዳል። ግድብ ውሃ ይበላል ብለው የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ልጅ ቢያናግሩት ደስ ይለኛል።

አንድ የሚያሳዝን ነገር ግን አብሮ ይሄዳል። ውሃው ቀይ የሚሆነው በጮቄ አፈር ነው። ሮዜሬስ በደለል ብዙ ተጎድቷል፣ አሁን ደለሉ የሚጠብቀው የኛን ግድብ ነው። ደጀንና ሞጣ አካባቢ እርከን የሚሠራ ገበሬ ሳያውቀው የማመንጫ ጣቢያ ጥገና ሠራተኛ ነው።

ጨሞጋ የዳስ ምን ሆነ?

ደብረ ማርቆስ አካባቢ ጨሞጋና የዳ ወንዞችን ለኃይል ማመንጫ የማዋል ዕቅድ ብዙ ዓመት ተወርቶበታል። ጥናት ነበር፣ ጣቢያው ግን አልተሠራም። የአካባቢው ሰው ስሙን የሚያነሳው እንደ ጠፋ ዘመድ ነው።

መብራት ሲመለስ ዕቃ የሚቃጠለው ለምንድን ነው?

ሲመለስ ቮልቴጁ ለትንሽ ጊዜ ከፍ ዝቅ ስለሚል ነው። መብራት ሲሄድ ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ምጣዱን ንቀሉ። አንድ አምፖል ብቻ ተዉ። ሲመጣ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁና አምፖሉን እዩት። ካልዋዠቀና ከወትሮው ካልደመቀ ወይም ካልፈዘዘ አንድ በአንድ ሰኩ። ወፍጮ፣ የእንጨት መሰንጠቂያ ወይም የውሃ ፓምፕ ያላችሁ ፌዝ መቆጣጠሪያ አስገጥሙ። ከሞተር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም። አክስቴ አሁን አስገጥማለች።

የወደቀ ሽቦ ሳይ ወይም መብራት ሲጠፋ ለማን ልደውል?

የስርጭት ጉዳይ ስለሆነ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ በ905 ነጻ መስመር። የቅርቡ ማዕከል ስልክ ካላችሁ እሱም ይሆናል። ስትደውሉ «መብራት የለም» ብቻ አትበሉ። የናንተ ቤት ብቻ ነው ወይስ የሰፈሩ? ከየትኛው ትራንስፎርመር ነው የምታገኙት? ድምፅ ተሰምቷል? ሽቦ ወድቋል? ይህን ከነገራችሁ ጠጋኙ ትክክለኛውን ዕቃ ይዞ ይመጣል፣ ሁለት ጊዜ አይመላለስም።

መሬት ላይ የወደቀ ሽቦ ግን መብራት ባይኖርም አትንኩ፣ ልጆችንም ከብቱንም አርቁ። በዝናብ ጊዜ እርጥቡ መሬት ራሱ ይይዛል። አንድ ትልቅ ሰው እዚያው ቆሞ መንገደኛውን ይመልስ፣ ሌላው ይደውል።

የግቢያችሁ ባሕር ዛፍ ወደ ሽቦው እያዘነበለ ከሆነ ክረምት ሳይገባ አስቀድማችሁ አሳውቁ። ራሳችሁ ወጥታችሁ አትቁረጡት። መስመሩ ተዘግቶ፣ ባለሙያው ቆሞ ነው የሚቆረጠው።